ወታደሩን ተዉት፣ ሻለቃውን ቀቡ

ይሄ ጽሑፍ ለንደን ውስጥ በየወሩ እየተገናኘን ስለየሙያችንና ስለየእብደታችን ከምንጨዋወት ሐበሾች ፊት የተናገርኩት ነው። ተራው ሲደርሰኝ ስለ እብደቴ፣ ለጦርነት ጨዋታ ትንንሽ የብረት ወታደሮችን ስለመቀባት አወራሁ። በአፍ የወጣውን ብዙም አላስተካከልኩትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ አንዷን በኛ የቆጠርኳትን ስትደርሱባት ታውቋታላችሁ።

በቅድሚያ ይቺን እንጨት ተቀባበሏት። ቀስ አድርጋችሁ። ሐኪም ምላሳችሁን ሲያይ የሚጫንባት ጠፍጣፋ እንጨት ናት። ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጉና እዩ። ላይዋ ላይ ስድስት የብረት ቁራጮች ተለጥፈዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አራት ሰው አለ። አዎ፣ ሰው ነው። የናፖሊዮን እግረኛ ወታደር፣ ሻንጣውን አዝሎ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሄድ። ከእግሩ እስከ ዓይኑ 6 ሚሊሜትር ነው። ጭንቅላቱ አንድ ፍሬ ጤፍ ታክላለች። አጋንኜ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ጤፍ አምጥቼ አጠገቡ አስቀምጬ አይቻለሁ።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ሳሎን ገብተው ጠረጴዛዬን አዩና "ውይ ልጄ፣ ቤትህን ጉንዳን ወሮታል!" አሉኝ። ጨርቅ አንስተው ሊጠርጉ ነበር። የሦስት ወር ሥራ ለጥቂት ተረፈ።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። ጠረጴዛው ላይ ኮረብታ፣ መንገድ፣ መንደር ተሠርቷል። አንዱ ፈረንሳይን ይይዛል፣ ሌላው እንግሊዝን ወይም ኦስትሪያን ወይም ሩሲያን። ጦራቸውን በማስመሪያ እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፣ ዳይስ ይወረውራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሻይ ይቀዘቅዛል። የልጅ ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አገሩ የፕሩሺያ፣ የያኔዋ የጀርመኖች መንግሥት፣ ጦር ግቢ ነው። በ1824 ራይስቪትስ የሚባል የመድፈኛ መኮንን በ1፡8000 ካርታ ላይ ትንንሽ የብረት ቁራጮች እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱትን ጨዋታ ለኤታማዦር ሹሙ ለጄኔራል ሙፍሊንግ አሳየው። ሰውዬው መጀመሪያ በቀዝቃዛው ነው የተቀበለው ይባላል፣ በኋላ ግን ይሄማ ጨዋታ አይደለም፣ የጦርነት ትምህርት ነው ብሎ ለመላው ጦር እንዲዳረስ አደረገ። ሙፍሊንግ ማለት ደግሞ ናፖሊዮን በ1815 ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት ዋተርሉ ላይ ከፕሩሺያ ተልኮ ከእንግሊዙ ጦር አዛዥ ከዌሊንግተን ጎን የነበረው መኮንን ነው። ስለዚህ ከጦርነቱ እስከ ጨዋታው መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አትሽሹ።

ሻለቃ ስል ማዕረጉን አይደለም፣ ክፍሉን ነው። የፈረንሳይ ሻለቃ ከ1808 ወዲህ ስድስት ሻምበል ነበረው። ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ሻምበል 140 ሰው ነው፣ ድምር 840። ዘመቻ ላይ ግን በሽታውም፣ ጥይቱም፣ እየተንጠባጠበ የሚቀረውም ስላለ 600 ከተገኘ እሰየው ነው። 600 ሰው በሦስት ረድፍ ሲቆም ፊት ለፊት 200 ሰው ይሆናል። ለአንድ ሰው ከግማሽ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ስጡት። ሻለቃው ከ110 እስከ 120 ሜትር ተዘረጋ ማለት ነው። እኔ ወታደሮቹን የማቆምበት ሰሌዳ፣ ቤዝ የምንለው፣ 60 በ30 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ 60 ሚሊሜትሩን 120 ሜትር ነው ካልን 1 ሚሊሜትር 2 ሜትር ሆነ። የዋተርሉ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር 5 ኪሎሜትር ነው ብለን ብንይዝ ጠረጴዛ ላይ 2 ሜትር ተኩል ይመጣል። የኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ሲሳብ በትክክል ይበቃል።

ይሄን ብዙ ሰው በሚጫወትበት በ28 ሚሊሜትር ወታደር ብትሞክሩት መቆሚያው ቢያንስ እጥፍ ይሆናል፣ ሜዳው ደግሞ 5 ሜትር። ያንን የሚያህል ጠረጴዛ ብታገኙ እንኳ ክንዳችሁ መሐሉ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? የጦርነቱን አንድ ጥግ ይቆርጡና እሷን ይጫወታሉ። አንድ እርሻ ቤት፣ አንድ ድልድይ። ያም የራሱ ደስታ አለው፣ አልከለክልም። እኔን ያጓጓኝ ግን ሜዳው በሙሉ ነው፣ ከኋላ ሆኖ ሙሉውን ማየት። የዌሊንግተን ጦር ወደ 68 ሺህ ሰው ነበር። ለ600 ሰው አንድ ሰሌዳ ብንል 113 ሰሌዳ ነው። በእያንዳንዱ ላይ 24 ሰው ብታቆሙ 2,700 ገደማ። ፈረንሳዮቹ ከዚያ ትንሽ ይበልጣሉ። ዌሊንግተንን ሊያግዝ የመጣውን የፕሩሺያን ጦር ገና አልቆጠርኩም።

ሒሳቡ ግን አንድ ቦታ ላይ ይዋሻል። ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ጨዋታውን የሚያውቁት ሰዎች ሲያነቡት ይስቁብኛል። ወታደሩ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ከእውነተኛው ሰው 300 ጊዜ ገደማ አንሷል። መሬቱ ግን 2,000 ጊዜ ነው ያነሰው። ሁለቱ አይገናኙም። 50 ሜትር የሚረዝም የእርሻ ግቢ በወታደሩ ልክ ብትሠሩት ከ16 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል፣ ማለትም ከሁለት ሻለቃ በላይ ቦታ ይይዛል። በመሬቱ ልክ ብትሠሩት ደግሞ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል። ወታደሩ ጣሪያው ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረው። መፍትሔው መሐል ላይ መግባት ነው። ለ2 ወይም ለ3 ሚሊሜትር ወታደር የተሠሩ ቤቶች ገዝቼ ከ6 ሚሊሜትሮቹ ጋር አቆማለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ይቀበለዋል። ከቅርብ ካያችሁት ወታደሩ በሩን ጎንበስ ብሎም አይገባበትም።

ይሄን ማጭበርበር የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ቼልሲ የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ውስጥ አንድ ትልቅ የዋተርሉ ሞዴል አለ። ያላያችሁት ካላችሁ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት፣ መግቢያው ነጻ ነው። የሠራው ዊሊያም ሳይቦርን የሚባል መኮንን ነው። በ1830 ሥራውን ተቀበለና ሄዶ እዚያው ጦርነቱ መሐል በነበረው በላ ኤ ሳንት እርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያ ከጦርነቱ ለተረፉት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። ማምሻውን አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ? ፊት ለፊትህ ማን ነበር? ማሳው ላይ ምን ተዘርቶ ነበር? ብሎ ጠየቀ። መልሱ በመቶዎች መጣለት። አንዳንዱ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ የታወቀ ነው፣ አንድ ሠርግ የሄዱ ሁለት ሰዎች እንኳ አንድ ዓይነት አያወሩም።

መንግሥት መሐል ላይ ገንዘቡን አቆመበት። ሰውዬው ተበድሮ ቀጠለ። በ1838 ለንደን ፒካዲሊ ላይ ለሕዝብ ሲያሳየው ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደሮች ነበሩበት፣ አንዱ ሁለት ሰው ወክሎ የቆመ። ሞዴሉ 6 ሜትር በ6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የመሬቱ ልኬት 9 ጫማ ለአንድ ማይል ነው፣ ስታሰሉት ወደ 1፡587 ይመጣል። በዚህ ልክ ሰው 3 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። የሳይቦርን ወታደሮች ግን ወደ 10 ሚሊሜትር ናቸው! እሱም እንደኛው ነው ያደረገው። ሰው ከነመሬቱ በልኩ ከተሠራ አይታይም፣ እንዲታይ ደግሞ መዋሸት አለብህ።

ከዚያ ጭቅጭቅ መጣ። ሳይቦርን መኮንኖቹ የነገሩትን ይዞ ፕሩሺያዎቹን ከዌሊንግተን ወገኖች ምኞት በላይ አብዝቶ፣ ወደ ሜዳውም አስገብቶ አስቀምጧቸው ነበር። ከእንግሊዝ ድል ላይ የሚሸርፍ ሆኖ ታያቸው። ብዙ ግፊት ተደረገበትና በመጨረሻ ሸብረክ ብሎ ብዙ ፕሩሺያዎችን ከሞዴሉ አነሳ። ገቢውም ዕዳውን አልሸፈነለትም፣ በ1849 ሞተ። እኔ እዚያ ሙዚየም በሄድኩ ቁጥር የማየው የቆሙትን አይደለም፣ የተነሱት የነበሩበትን ባዶ ሣር ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንድ በአንድ ሲለቅማቸው ይታየኛል።

ወደኔ ልመለስ።

የጀመርኩ ሰሞን ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። መጀመሪያ የገዛሁትን አንድ ሻለቃ፣ 24 ሰው፣ ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። ማጉያ መነጽር፣ አንድ ፀጉር የመሰለች ብሩሽ፣ ትንፋሽ መያዝ። ዓይን ሳልኩላቸው። ቁልፍ ሳልኩላቸው፣ ወርቃማ። የእጅጌውን ጫፍ ቀይ፣ የኮሌታውን ጠርዝ ነጭ አደረግሁ። በማጉያው ሲታዩ ቆንጆ ነበሩ፣ እኔ ራሴን ተአምረኛ ሠዓሊ ነኝ አልኩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸውና ቀና ብዬ ቆሜ አየኋቸው። ምን አየሁ? ግራጫ ነገር። የተደፋ ምስር። ያ ሁሉ ቀለም አንዱ ሌላውን በልቶት፣ ሰማያዊው ከቀዩ፣ ቀዩ ከነጩ ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል።

አንድ እድሜያቸው የገፋ እንግሊዛዊ፣ በዚህ ሥራ ከኔ ዕድሜ በላይ የቆዩ፣ አጠገቤ መጥተው አዩት። ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ የሳቸውን አንድ ሰሌዳ አምጥተው ከጎኑ አደረጉት። ከሩቅ ሕይወት ያለው ሰልፍ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ነጩ ነጭ። ከቅርብ ሳየው ፊት የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጠብታ ጠብታ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ፈጀብዎ አልኳቸው። አንድ ምሽት፣ ሬዲዮ እየሰማሁ አሉኝ።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ እሷው ናት። በዚህ መጠን ወታደር አይቀባም። የሚቀባው ሻለቃ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ የብሩሽ ጭረት ነው፣ ሥዕሉ ሰሌዳው ነው።

እንዴት ይሠራል ካላችሁ፣ ከብረቱ ትርፍ ትርፉን በስለት ትቆርጣላችሁ፣ በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ቅባት ካለው ቀለም አይዝም። የድሮዎቹ እርሳስ ስለሚኖርባቸው ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት። ከዚያ በነጭ ኮላ ጠብታ እንጨቷ ላይ ትለጥፏቸዋላችሁ፣ አሁን እጃችሁ ላይ እንዳለችው። ቀጥሎ መደብ ቀለም። እዚህ ላይ ሃይማኖት አለ፣ ጥቁር የሚሉና ነጭ የሚሉ። እኔ ጥቁር ነኝ። ጥቁር መደብ ላይ ብሩሻችሁ ያልደረሰበት ሁሉ ጥላ ይሆንላችኋል፣ ስንፍናችሁ ጥበብ ይመስላል። ለኦስትሪያዎች ብቻ እምነቴን እቀይራለሁ። የኦስትሪያ እግረኛ ነጭ ለባሽ ነው፣ ነጭን ጥቁር ላይ ለማውጣት ሦስት ጊዜ መደረብ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከመነሻው ፈዛዛ ግራጫ አደርገዋለሁ።

ቀለሙ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ነገር ሲያንስ ይጠቁራል። ያው ሰማያዊ ቀለም ግድግዳ ላይ ስትቀቡት ሰማያዊ ነው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጀርባ ላይ ስታደርጉት ጥቁር ነው። ስለዚህ እውነተኛውን የፈረንሳይ ኮት ቀለም መጽሐፍ ላይ አግኝታችሁ ቁርጥ እሱን ብትቀቡ ተሸወዳችሁ። እኔ ለፈረንሳዮች የምጠቀመው ሰማያዊ ለትልቅ ወታደር ቢሆን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያስመስለዋል፣ ደማቅ ነው። ፕሩሺያዎችን ጠቆር አደርጋለሁ፣ ከፈረንሳዩ እንዲለዩ። የሩሲያን ጥቁር አረንጓዴ ወደ አረንጓዴው እገፋዋለሁ። ከዌሊንግተን ጋር የነበሩት ጀርመኖች፣ የብራውንሽቫይግ ሰዎች፣ ዋተርሉ ላይ ጥቁር ለብሰው ነው የተዋጉት፣ እኔ ግን ጠቆር ያለ ግራጫ ነው የምቀባቸው፣ ምክንያቱም ጥቁር ቅርጽ የለውም፣ ጉድጓድ ነው የሚመስለው። እንግሊዞቹ ቀላል ናቸው። ቀይ ራሱን ያሳያል።

ብሩሽ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ትንሽ ነገር ለመቀባት ትንሽ ብሩሽ ይመስለዋል። የለም! ትንሿ ብሩሽ የምትይዘው ቀለም ወታደሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ጫፉ የሾለ መካከለኛ ብሩሽ ግዙ፣ ቁጥር 1 ይበቃል። ሆዱ ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ ይሠራል።

ቅደም ተከተሉ ብዙ አያሻውም። ኮት፣ ሱሪ፣ ፊትና እጅ ላይ ጠብ፣ ጠመንጃው ቡናማ ሆኖ ላዩ ላይ የብር ጭረት። ከዚያ ደረቱ ላይ የሚጣመሩት ሁለት ነጭ ቀበቶዎች። እነሱን ሁለት ጭረት፣ እንደ ኤክስ። ጠቅላላ ነገሩን ሰው የሚያደርገው ይሄ ኤክስ ነው፣ እሱ እስኪገባ የብረት ቁራጭ ነበር፣ ሲገባ ወታደር ይሆናል። እስቲ እንጨቷ ላይ ከግራ ሁለተኛውን እዩ፣ ሆን ብዬ ቀበቶውን ትቼዋለሁ። አያችሁ? የሞተ ነው።

ግን ደረቱን የሚያየው ማን ነው? ባላጋራህ። አንተ ጦርህን ከኋላ ነው የምታየው፣ አራት ሰዓት ሙሉ። እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ የጀርባ ሻንጣውን አትናቁ። የፈረንሳዩ ፀጉሩ ያልተፋቀ ቆዳ ነው፣ ከቡናማ እስከ ቀላ ያለ፣ አንዱን ካንዱ ትንሽ ለወጥ አድርጉት፣ ላዩ ላይ የተጠቀለለ ካፖርት አለ፣ እሱን ግራጫ ወይም አፈርማ። የእንግሊዙ ሻንጣ ጥቁር ነው። የስኮትላንዶቹን ጉርድ ቀሚስ ልሳል ብላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን አታጥፉ፣ ጥቁር አረንጓዴ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ፈዘዝ ያለ ነጥብ ጣሉበት፣ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይሸምነዋል።

ባንዲራ ወረቀት ነው፣ ታትሞ ይቆረጣል፣ በኮላ ዘንጉ ላይ ይታጠፋል፣ እርጥብ እያለ በጣት ይወዛወዛል። የወረቀቱን ነጭ ጠርዝ በቀለም መሸፈን አትርሱ። መጠኑ ላይ እንደገና እንዋሻለን። የፈረንሳይ ባንዲራ በእውነቱ 80 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር፣ በወታደሩ ልክ 3 ሚሊሜትር አይሞላም። እኔ 8 አደርገዋለሁ። የእንግሊዞቹ ግን በእውነትም ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሸማ ስለነበር እዚያ ውሸቱ ትንሽ ነው። ከ1808 በኋላ ንስሩ፣ የፈረንሳይ ባንዲራ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚቆመው፣ ብዙ ሻለቃ ላለው ሬጅመንት አንድ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ሻለቃ ነው የሚይዘው። ይሄን አውቃለሁ። አውቄም ለሁሉም ሻለቃ ባንዲራ እሰጣለሁ፣ ካልሆነ ሰሌዳው እናቱ የሞተችበት ይመስላል። የሚቆጣ ይቆጣ።

አሁን መሬቱ። እኔ መሬቱን ከወታደሩ አብልጬ እወደዋለሁ፣ ለምን ብትሉ ሰሌዳው ላይ ከሰው ይልቅ የሚታየው መሬት ነው። ግማሽ ሥራው እዚያ አለ። መጥፎ የተቀባ ሻለቃ ጥሩ መሬት ላይ ካቆማችሁት ያምራል፣ በደንብ የተቀባ ሻለቃ መጥፎ መሬት ላይ ግን አያምርም።

ቁራጮቹ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፉ እያንዳንዳቸው ትንሽ ደረጃ አላቸው፣ ወታደሮቹ ቦርድ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። እሱን መደበቅ አለባችሁ። የግድግዳ መጠገኛ ጄሶ ከቡናማ ቀለምና ከኮላ ጋር ታሹና በቀጭን እንጨት በእግራቸው መሐል ትሞሉታላችሁ። ላዩ ላይ አሸዋ። እዚህም ሒሳቡን አትርሱ። አንድ ሚሊሜትር የምታህል የአሸዋ ፍሬ ለዚህ ሰው 30 ሴንቲሜትር ድንጋይ ናት፣ የራሱን ጭንቅላት ታክላለች። ስለዚህ እንደ ሽሮ የላመውን ፈልጉ። ሰው ሠራሹም ሣር እንደዚያው ነው፣ ሁለት ሚሊሜትሩ እስከ ጭኑ ይደርሳል፣ አራት ሚሊሜትር ከነሰነሳችሁ ጦሩ ጫካ ገባ።

አንድ ጊዜ ብልጥ ሆንኩ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ አተላውን ልትደፋ ስትል አይ ተዪው አልኳት። ቀለሙ ልክ የረጠበ ጭቃ ነው፣ ዋተርሉ ደግሞ ዋዜማውን ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሜዳው ጨቅይቶ ነበር፣ ናፖሊዮንም ጥቃቱን ያዘገየው መሬቱ እስኪጠነክር ነው ይባላል። ምን ይሻላል ታዲያ ከዚህ? ፀሐይ ላይ ትንሽ አሰጣሁት፣ የለንደን ፀሐይ፣ እንግዲህ ታውቋታላችሁ። ኮላ ቀባሁ፣ ነሰነስኩት፣ አንድ ብርጌድ ሙሉ። ቤቱ ሦስት ቀን ቡና ቡና ሸተተ። ሳጥን ውስጥ ዘግቼ ከአንድ ወር በኋላ ስከፍተው ብርጌዱ ሻግቷል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እስከ ጉልበታቸው። አንዱ ጓደኛዬ አይቶ "እንዴ፣ የሞስኮውን የበረዶ ማፈግፈግ ጀመርክ እንዴ?" አለኝ። አተላ መጠቀም ይቻላል፣ ሰው ይጠቀማል፣ ግን ምጣድ ላይ ወይም ምድጃ ውስጥ ድርቅ እስኪል መቆላት አለበት። ይሄን ለሐበሻ መንገር ያሳፍራል።

አፈሩ ሲደርቅ ቡናማ ቀቡት፣ ከዚያ ብሩሻችሁን ፈዛዛ ቀለም ነክራችሁ በጨርቅ ጠርጉና ደረቁን ላዩ ላይ አሹት፣ ከፍ ከፍ ያለው ብቻ ይነጣል። ከምታስቡት በላይ አንጡት። ያው ሕግ ነው፣ ሲያንስ ይጠቁራል። የሁሉም ሰሌዳ መሬት ደግሞ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የጠረጴዛውም ጨርቅ እሱኑ ይምሰል። ዛሬ ቢጫ ሣር፣ ነገ አረንጓዴ ካደረጋችሁ ጦሩ ከየሰፈሩ ተለቃቅሞ የመጣ ይመስላል። ዋተርሉ በፈረንጅ ጁን 18 ነው፣ ማሳው ላይ ራይ የሚባል ረጅም እህል ነበር፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ሰው የሚሸፍን። እሱን የምሠራው ከበር ምንጣፍ ነው፣ ያ ሻካራው፣ ጫማ የሚጠረግበት። በካተር ቆርጣችሁ አጠር አድርጋችሁ ስታስቀምጡት ደርሶ ያልታጨደ ማሳ ነው። ባለቤቴ በራችን ላይ ያለው ምንጣፍ ለምን በየዓመቱ እንደሚያንስ ያወቀችው ዛሬ ነው፣ ያው ተቀምጣለች።

ከሰሌዳው ሥር ማግኔት ለጥፉ፣ ከኋላ ጠርዙ ላይ የሻለቃውን ስም በትንሹ ጻፉ። ማስቀመጫው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። የኛ ሰው ያንን ቆርቆሮ ሲከፍት ክርና መርፌ ነው የሚጠብቀው፣ እኔ ቤት የከፈተ የናፖሊዮንን ክብር ዘበኛ ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሁሉንም አልጽፈውም። ዓይንህ አይጎዳም ወይ ያለችኝ አለች። በማጉያው ዘመን ይጎዳኝ ነበር፣ አሁን በንባብ መነጽርና በጥሩ መብራት ነው የምሠራው፣ ሲደክመኝ አቆማለሁ። አይወደድም ወይ ያለም ነበር። በአንድ ሰው ስታሰሉት ከትልቁ ወታደር እጅግ ይረክሳል፣ ችግሩ አንድ ሰው የሚገዛ አለመኖሩ ነው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት የምጠብቀውን ጠየቀኝ። "ለምን አድዋን አትሠራም?"

እሠራለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ መሰላችሁ። ችግሩ የተነጋገርነው በሙሉ መገልበጡ ነው። የናፖሊዮን ዘመን ጦር በዚህ መጠን የሚያምረው 24ቱም አንድ ዓይነት ስለሚለብሱ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ የቆመው የኛ ሠራዊት ግን አብዛኛው እንደየቤቱ ለብሶ ነው የመጣው። ነጭ ሸማ ነው ብላችሁ ሁሉንም ነጭ ብትቀቡ የፈሰሰ ሩዝ ነው። ነጩን ወደ ክሬም፣ ወደ አመድ፣ ወደ አቧራ መበተን፣ እዚህም እዚያም ቡናማ በርኖስ፣ የጋሻው ጥቁር ክብ፣ አለፍ ብሎ የአንድ ባላባት ቀይ ለምድ። ሁለት ቁራጭ እንኳ አንድ ዓይነት እንዳይሆን፣ ግን ከሩቅ አንድ ሆኖ እንዲታይ። እሱ ከባድ ነው፣ እጄ ገና አልደረሰበትም። መሬቱ ላይ ግን ልምምድ ጀምሬያለሁ፣ የአድዋን ተራራ ከበር ምንጣፍ መሥራት ስለማይቻል።

መጨረሻ ላይ የአንዷ ተሳታፊ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጠረጴዛው ጋ መጥቶ "ናፖሊዮን የቱ ነው?" አለኝ። ፈልገው አልኩት። አንድ ሰሌዳ ላይ አሥር የሚሆኑ ፈረሰኞች አሉኝ፣ ማርሻሎችና አጃቢዎች፣ በወርቅና በቀይ በሰማያዊ የተንቆጠቆጡ፣ አንዳቸውም ፊት የላቸውም። ናፖሊዮን ዘመቻ ላይ የሚለብሰው ተራ ግራጫ ካፖርት ነበር፣ ቆቡም ጌጥ የሌለው ጥቁር ነው። ልጁ ጎንበስ አላለም፣ ማጉያም አልጠየቀም። ከቆመበት ሆኖ ጣቱን ዘረጋና "ግራጫው" አለ።